ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ክፍሉ፦ የአንድ ድጎማ ታሪክ

መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ መደበ ሲባል ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በሕግ ከተፈቀደበት ቀን አንሥቶ ዕቃው ክፍል ውስጥ ገብቶ ተማሪው እስኪጠቀምበት ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በመንገዱ ላይ ማመልከቻ አለ፤ ጨረታ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ አለ፤ ወረፋም አለ። እኛ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው የመንገዱን መጨረሻ ብቻ ነው፤ ዕቃው ወይ መጥቷል ወይ አልመጣም።

በዚህ ጽሑፍ በዩናይትድ ስቴትስ «ኢ-ሬት» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የትምህርት ቤቶችና የቤተ መጻሕፍት የመገናኛ ድጎማ ታሪክ እንመለከታለን። ይህን ታሪክ የመረጥነው ብዙ ገንዘብ ስለፈሰሰበት ብቻ አይደለም። መሠረታዊው ሕግ ሳይለወጥ የማከፋፈያው ደንብ ብቻ ሲለወጥ የትኛው ክፍል እንደሚያገኝና የትኛው እንደሚቀር የተለወጠበት ታሪክ ስለሆነ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የሐሳቡ ምንጭ

ኢ-ሬት የተወለደው ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከቴሌፎን ነው። በ1934 የወጣው የአገሪቱ የመገናኛ ሕግ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽንን ሲያቋቁም፣ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ለሕዝቡ ሁሉ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊዳረስ ይገባል የሚል ዓላማ አስቀምጦ ነበር። ወደ ገጠር መስመር መዘርጋት ውድ ነው፤ ደንበኛው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሩቅ ጥሪና ከንግድ ድርጅቶች ከሚሰበሰበው ሒሳብ ላይ ተቀንሶ የገጠሩ ዋጋ ይደጎም ነበር። ደንበኛው ግን ይህን በግልጽ አያውቅም፤ ድጎማው በታሪፉ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነበርና።

በ1984 ታላቁ የቴሌፎን ኩባንያ ኤ ቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈልና በገበያው ውስጥ ውድድር ሲስፋፋ ይህ የተሸሸገ ድጎማ እንደ ቀድሞው ሊቀጥል አልቻለም። ተወዳዳሪ ያለበት ኩባንያ አንዱን ደንበኛ አስከፍሎ ሌላውን የሚደጉምበት ምክንያት የለውም። እንግዲህ ድጎማው እንዲኖር ከተፈለገ በአደባባይ የሚታወቅ ገንዘብ ሆኖ መቋቋም ነበረበት።

በዚሁ ጊዜ የትምህርት ቤቶቹ ሁኔታ ምን ይመስል ነበር? በ1994 በተደረገው የመንግሥት ጥናት መሠረት ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች መካከል የኢንተርኔት መስመር የነበራቸው 35 በመቶ ነበሩ። ከመማሪያ ክፍሎች መካከል ግን መስመሩ የደረሳቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ማየት ይገባል። መስመሩ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ዲሬክተሩ ቢሮ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ «ይህ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት አለው» ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ ክፍሎቹ ለማድረስ ግን በየግድግዳው የሚያልፍ ገመድ፣ መስመሩን የሚያከፋፍሉ ስዊቾች፣ ራውተርና ሌሎች መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። የምንተርከው ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከረው በበሩና በክፍሉ መካከል ባለው በዚህ ርቀት ላይ ነው።

ሕጉና ደንቡ

ፕሬዚዳንት ክሊንተን አዲሱን የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ የፈረሙት የካቲት 8 ቀን 1996 ነው። ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት የተለየ ቅናሽ እንዲሰጥ የሚያዘው ክፍል በሕጉ ውስጥ እንዲገባ ያደረጉት አራት ሴናተሮች፣ የሜይኗ ኦሊምፒያ ስኖው፣ የዌስት ቨርጂኒያው ጄይ ሮክፌለር፣ የነብራስካዎቹ ጄምስ ኤክሰንና ቦብ ኬሪ ነበሩ። ሦስቱም ክፍላተ አገር ሰፊ ገጠር ያለባቸው መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለንም።

በማግሥቱ ወር፣ መጋቢት 9 ቀን 1996፣ በካሊፎርኒያ «ኔትዴይ» የተባለ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ተደረገ። ወላጆች፣ መሐንዲሶችና መምህራን በየትምህርት ቤቱ ገመድ ዘረጉ። ፕሬዚዳንቱና ምክትላቸው አል ጎርም በኮንኮርድ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝተው ገመድ ሳቡ። ዘመቻው ብዙ ሰው ያነሣሣ በጎ ሥራ ነበር። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ ገመድ ይዘረጋል እንጂ በየወሩ የሚመጣውን ሒሳብ አይከፍልም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያረጀውን ዕቃም አይተካም። ለዚህ ቋሚ ገንዘብና ቋሚ ደንብ ያስፈልግ ነበር።

ደንቡን ኮሚሽኑ በግንቦት 1997 አወጣ። በዓመት እስከ 2.25 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ተወሰነ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከአገሪቱ ግምጃ ቤት ሳይሆን ከቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያዎች መዋጮ ነው፤ ኩባንያዎቹም በበኩላቸው መዋጮውን ወደ ደንበኞቻቸው ሒሳብ ያስተላልፉታል። ትምህርት ቤቱ በዋጋው ላይ ቅናሽ ያገኛል። ቅናሹ እንደ ተማሪዎቹ ድህነትና እንደ ትምህርት ቤቱ አቀማመጥ ከ20 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። የድህነቱ መለኪያ በመንግሥት የምሳ ፕሮግራም በነጻ ወይም በቅናሽ ለመመገብ የሚገባቸው ተማሪዎች ብዛት ነው። ከተማሪዎቹ ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ይህ የሚገባቸው ከሆነ ቅናሹ 90 በመቶ ይሆናል።

የማመልከቻው ሥርዓት ደግሞ እንደሚከተለው ነበር። ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ መሣሪያው ለምን ትምህርት እንደሚውል የሚገልጽ ዕቅድ ያዘጋጃል። ቀጥሎ የሚፈልገውን አገልግሎት በቅጽ 470 ዘርዝሮ በይፋ ያወጣል፤ ተጫራቾች እንዲቀርቡም ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቃል። ከቀረቡት መካከል ዋጋን ከሁሉ የበለጠ መመዘኛ አድርጎ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ በቅጽ 471 ድጎማውን ይጠይቃል። ማመልከቻው ተመርምሮ ከተፈቀደ በኋላ አገልግሎቱ መጀመሩን በሌላ ቅጽ ያረጋግጣል፤ ሒሳቡም ይወራረዳል። አንድ ቀን ቢያልፍ፣ አንድ ፊርማ ቢጎድል ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ ያለው ትልቅ የትምህርት ወረዳና ዲሬክተሩ ራሱ እያስተማረ ቅጽ የሚሞላበት ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት በሕግ ፊት እኩል ቢሆኑም በቅጹ ፊት እኩል አልነበሩም።

ወረፋው

የመጀመሪያው ማመልከቻ መቀበያ ጊዜ ከጥር 30 እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 1998 ነበር። ከ30,000 በላይ ማመልከቻዎች ጎረፉ። ወዲያው ተቃውሞ ተነሣ። አንዳንድ ኩባንያዎች መዋጮውን በደንበኞች ሒሳብ ላይ ለይተው መጻፍ ሲጀምሩ፣ ተቃዋሚዎች ድጎማውን በምክትል ፕሬዚዳንቱ ስም «የጎር ግብር» ብለው ሰየሙት። ኮሚሽኑም በሰኔ 1998 የመጀመሪያውን ዘመን ገንዘብ ዝቅ አድርጎ ለ18 ወራት 1.925 ቢሊዮን ዶላር እንዲሆን ወሰነ።

ገንዘቡ ሲያንስ ወረፋ መጣ። ኮሚሽኑ ጥያቄዎቹን በሁለት መደብ ከፈላቸው። በመጀመሪያው መደብ የቴሌፎንና የኢንተርኔት መስመር፣ ማለትም እስከ ትምህርት ቤቱ በር የሚደርሰው ገባ፤ ይህም አስቀድሞ ለሁሉም ይከፈላል። በሁለተኛው መደብ የውስጥ ዝርጋታው፣ ማለትም ገመዱ፣ ስዊቹና ራውተሩ ገባ። ለዚህ የሚሰጠው ከመጀመሪያው የተረፈው ገንዘብ ነው፤ እሱም ከድሆቹ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ገንዘቡ ባለቀበት ይቆማል።

ከድሃው መጀመሩ ፍትሐዊ ነበር። ውጤቱ ግን ያልታሰበ መልክ ያዘ። በአብዛኞቹ ዓመታት ገንዘቡ ከከፍተኛ ቅናሽ ባለመብቶች አላለፈም። ሀብታም ያልሆነ፣ እጅግ ድሃም ያልሆነ፣ ቅናሹ 60 ወይም 70 በመቶ የሆነ ትምህርት ቤት መስመሩን በሩ ድረስ አግኝቶ ለክፍሎቹ የሚሆን ዕቃ ሳያገኝ ዓመታት ያልፉ ነበር። በሌላ በኩል እነዚያው የ90 በመቶ ባለመብቶች በየዓመቱ ተመልሰው ሊያመለክቱ ይችሉ ነበር። ኮሚሽኑ በ2003 አንድ ትምህርት ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ ለውስጥ ዝርጋታ ድጎማ የሚያገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ብሎ የደነገገው ይህን ለማስታገስ ነበር።

የባከነው ገንዘብ

ከመቶ ዶላር ዘጠናውን ሌላ ሲከፍል ገዢው ዋጋ ለመከራከር፣ የሚያስፈልገውንም አብዝቶ ለማሰብ የሚገፋፋው ነገር ይቀንሳል። ሻጩ ይህን ሳያስተውል አልቀረም። በ2004 ኤን ኢ ሲ ቢዝነስ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለ ኩባንያ በዚህ ድጎማ ላይ በማጭበርበርና ጨረታን ከሌሎች ጋር ተስማምቶ በመከፋፈል ጥፋተኛነቱን አምኖ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣትና ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

የፖርቶ ሪኮ ነገር ደግሞ ከማጭበርበር ይልቅ ዝግጅት ስለማጣት ያስተምራል። የደሴቲቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከድጎማው አገኘ። በ2004 የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩን ሲመረምር፣ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ዕቃ ሥራ ላይ ሳይውል መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ተገለጸ። ድጎማው የመረቡን ዕቃ ይከፍላል፤ ኮምፒዩተሩን፣ የመምህሩን ሥልጠናና የኤሌክትሪክ ሥራውን ግን አይከፍልም ነበር። እነዚህን ሌላው ወገን ካላሟላ ገመዱ ብቻውን ትምህርት አይሆንም።

ሁለቱም ምሳሌዎች ያሳዩት ያው አንድ ነገር ነው። የ28 ቀኑ መጠበቂያ፣ የዕቅዱ ሰነድ፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ የማይረቡ ውጣ ውረዶች አልነበሩም፤ ለይስሙላ ሲፈጸሙ ግን ምንም አልጠበቁም።

ከወረፋ ወደ ድርሻ

ይህ ሁሉ ሆኖ ድጎማው ፍሬ አፍርቷል። በ1994 3 በመቶ የነበረው የተገናኙ ክፍሎች ቁጥር በ2005 94 በመቶ ደረሰ። ለውጡ የኢ-ሬት ብቻ ነው ባንልም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ዘመኑ በዚያ አልቆመም። በአንድ ክፍል አንድ ኮምፒዩተር የነበረው ቀርቶ እያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያ ሲይዝ በግድግዳ ያለፈው ገመድ ብቻውን አልበቃም፤ በየክፍሉ ገመድ አልባ ማሠራጫ አስፈለገ። ይህም የሁለተኛው መደብ ዕቃ ነው። የመስመሩ ሒሳብ ግን በየዓመቱ እያደገ ገንዘቡን ስለዋጠው በ2013 እና በ2014 የድጎማ ዓመታት ለውስጥ ዝርጋታ ምንም አልተረፈም። ዕቃው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የዕቃው ገንዘብ ዜሮ ሆነ።

ኮሚሽኑ በሐምሌ 2014 ወረፋውን ትቶ የድርሻ ደንብ አወጣ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በተማሪ ቁጥር ልክ ለአምስት ዓመት የሚቆይ በጀት ተቆረጠለት፤ ይኸውም ለአንድ ተማሪ 150 ዶላር ነው። ለውስጥ ዝርጋታ የሚሰጠው ከፍተኛ ቅናሽም ከ90 ወደ 85 በመቶ ዝቅ አለ። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ የዓመቱ ጣሪያ ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። 500 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ለአምስት ዓመት 75,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ መጠየቅ ይችላል። ቅናሹ 85 በመቶ ከሆነ ድጎማው 63,750 ዶላር ሲሸፍን ትምህርት ቤቱ 11,250 ዶላር ይከፍላል። ቅናሹ 40 በመቶ ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ 45,000 ዶላር ያወጣል። ድሃው አሁንም የበለጠ ይደገፋል፤ መካከለኛውም ቢሆን ድርሻውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዕቅድ ማውጣት ይችላል። በ2019 ኮሚሽኑ ይህን አሠራር ቋሚ አድርጎ ከ2021 የድጎማ ዓመት ጀምሮ ለአንድ ተማሪ 167 ዶላር እንዲታሰብ ወሰነ።

የመዋጮው ሕጋዊነትም ቢሆን እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈትኗል። በ2024 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የገንዘቡ አሰባሰብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 27 ቀን 2025 በስድስት ድምፅ ለሦስት ይህን ሽሮ ሥርዓቱን አጸና።

ለእኛ አካባቢ ምን ይነግረናል?

ከመገናኛ ኩባንያዎች መዋጮ ሰብስቦ ያልደረሰውን የማድረስ ሐሳብ ለምሥራቅ አፍሪካም እንግዳ አይደለም። ኡጋንዳ የገጠር መገናኛ ማስፋፊያ ገንዘብ አቋቁማ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር አድርሳለች። ታንዛኒያ በ2006፣ ኬንያ በ2009 ባወጧቸው ሕጎች ተመሳሳይ ገንዘብ መሥርተዋል። የኢትዮጵያም የ2019 የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ፣ ቁጥር 1148፣ ለዚሁ ዓላማ የሚውል ገንዘብ እንዲኖር ይደነግጋል።

ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ የምናውቀው ሌላ መንገድ ነበር። በ2004 የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲዳረስ ቅጽ የሞላ፣ ጨረታ ያወጣ፣ ድርሻ የከፈለ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሁሉም ከማዕከል ተገዝቶ መጣ። ይህ ወረፋን አስቀርቷል፤ ሩቅ ያለውም ትምህርት ቤት ከከተማው ጋር ዕቃውን አግኝቷል። ዕቃው ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ግን ማስጠገኛ የሚሆን፣ በትምህርት ቤቱ ስም የተያዘ በጀት ሳይኖር የቀረባቸው ብዙዎች ነበሩ። አንደኛው መንገድ ሁሉን ከትምህርት ቤቱ ይጠብቃል፤ ሌላው ምንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ በአካባቢያችን ለትምህርት ቤቶች መረብ ገንዘብ ተመደበ ሲባል መምህሩ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ከዚህ ታሪክ ይወጣሉ። ገንዘቡ መስመሩን እስከ በሩ ብቻ ያደርሳል ወይስ ወደ ክፍሎቹ የሚያስገባውን ዕቃም ይጨምራል? የሚታደለው በወረፋ ነው ወይስ በተማሪ ቁጥር? ትምህርት ቤቱ የሚያዋጣው ስንት ነው፣ ከየትስ ይመጣል? ዕቃው ሲያረጅ ማን ይተካዋል? ማመልከቻ ለመሙላት ጊዜና ሰው የሌለውን ትንሽ ትምህርት ቤት ማን ያግዘዋል? በዩናይትድ ስቴትስ ሕጉ ከወጣበት ቀን አንሥቶ የድርሻው ደንብ እስኪገኝ 18 ዓመት አልፏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ሄዷል። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ቢነሡ ይህን ያህል ባልቆየ ነበር።