የሳፋሪ ውድድርና የሞተር ትኩሳት

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ አንድ አዲስ የመኪና ውድድር ተጀመረ። መነሻው የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ስለ ነበር «የዘውድ ሳፋሪ» ተባለ። በኋላ ስሙ እየተለወጠ ዛሬ ሳፋሪ ራሊ ብለን የምናውቀው ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ማንም ሰው ከመሸጫ ቤት ገዝቶ የሚያወጣውን መኪና ይዞ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቧራና ጭቃ አቋርጦ፣ በተወሰነለት ሰዓት መድረስ ነበር።

በዚያ ውድድር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ቀድማ የገባችው የኛ ሰው «ቮልስ» ብሎ የሚጠራት ትንሿ ፎልክስዋገን ናት። ጉልበቷ አነስተኛ፣ ፍጥነቷም ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ያነሰ ነበር። ነገር ግን ቮልስ ራዲያተር የላትም። የሚፈላ ውሃ፣ የሚቀደድ ጎማ ቱቦ፣ የሚያፈስ የውሃ ፓምፕም የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያዋ በቆርቆሮ መተላለፊያ አስገድዶ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚነዳው አየር ነው። ይህን ነገር ከመነሻው ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው የሚሞቅበት ሰው ሁሉ ዐይኑ የሚያርፈው በውሃው ላይ ነው፤ የሚታየው፣ የሚጮኸው፣ የሚተነውም እርሱ ነውና። የሞተር ማቀዝቀዣን ታሪክ ለሚመረምር ግን ዋናው ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አየሩ ሆኖ ይገኛል።

ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያወጣበት ባለ ሦስት ጎማ መኪና ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ራዲያተር አልነበረውም። ውሃው በሲሊንደሩ ዙሪያ ይፈላል፣ በእንፋሎት ይበንናል፣ ያለቀውም ይተካል። ባለቤቱ ቤርታ በ1888 ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በተጓዘች ጊዜ በየመንገዱ ውሃ እየቀዳች መጨመር ነበረባት። ከዚህ ጣጣ የገላገለን ቪልሄልም ማይባህ ነው። እርሱ በ1900 ለዳይምለር ኩባንያ የሠራው «የማር እንጀራ» መሳይ ራዲያተር ስፋታቸው 6 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ 8,070 ትንንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦዎች ነበሩት። በቱቦዎቹ ውስጥ አየር፣ በመካከላቸው ውሃ ያልፋል። ከጀርባው ደግሞ ማራገቢያ ተተከለ። ልብ ይሏል፦ ማይባህ ውሃውን አላበዛም፤ እንዲያውም መኪናው የሚይዘው ውሃ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ያበዛው አየሩ የሚነካውን ገጽ ነው። በ1901 በኒስ ከተማ ውድድሮች ስሙን ያስጠራው ባለ 35 ፈረስ ጉልበቱ መርሴዲስ ይህን ራዲያተር ተሸክሞ ነበር።

ከነዳጁ ከሚገኘው ኃይል በግምት ሲሶው ብቻ ጎማውን ለማዞር ይውላል። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ የቀረውን ራዲያተሩና ዘይቱ ተረክበው ለአየር ማስረከብ አለባቸው። በከተማ መንገድ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ለአፍታ እንጂ ለረጅም ጊዜ ስለማይሰጥ ችግሩ አይገለጥም። የሚገለጠው በውድድር ላይ ነው፤ ወይም ዛሬ በብዙ ሀገር እንደ ተለመደው ሰው የራሱን መኪና ወደ ዝግ የመሮጫ ሜዳ ወስዶ ለ15 እና ለ20 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሲጋልባት ነው።

በኛ አካባቢ ደግሞ ከፍታ የሚባል ሁለተኛ ጠላት አለ። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በናይሮቢ 94፣ በአዲስ አበባና በአስመራ 92 ገደማ ይሆናል። አሮጌ የጭነት መኪና ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል፤ ተሳፋሪው በጥላ ሥር ተቀምጧል። ይህን የሚከላከለው ከሁሉ የረከሰው ዕቃ፣ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ የአንድ ባር ግፊት ከያዘ በአዲስ አበባ ከፍታ የመፍያው ነጥብ ከ92 ወደ 116 ዲግሪ ያህል ይወጣል። የላስቲክ ቀለበቱ የደረቀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ስንት ሰው ክዳኑን ሳይመረምር ትልቅ ራዲያተር እንዳስገጠመ ቤቱ ይቁጠረው።

ሌላው በየጋራዡ የተለመደው መድኃኒት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «ውሃው እንደ ልቡ ይዙር» ይባላል። ሐሳቡ የዋህ ነው። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከተነሣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ የፈላውም ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱም ተገቢውን ሙቀት አያገኝም። በውጤቱ ባለቤቱ ሁለቱንም ጉዳት ይሸምታል።

ወደ ሳፋሪ እንመለስ። በ1963 እና በ1968 ከ80 በላይ መኪናዎች ተነሥተው በእያንዳንዱ ጊዜ የጨረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ። ሁለቱንም ያሸነፈው ኒክ ኖዊኪ ሲሆን የነዳው ፔጆ 404 ነበር፤ ይኸው መኪና በ1966 እና በ1967ም በሌላ ነጂ እጅ አሸንፏል። 404 ለሩጫ የተወለደ አልነበረም፤ ቤተሰብ የሚጫንበት፣ በአፍሪካ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ነው። ነገር ግን ማራገቢያው በኤሌክትሮማግኔታዊ ፍሪሲዮን የሚሠራ ነበር። ውሃው ሲሞቅ ይያያዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለያያል። ፈረንሳዮቹ ይህን ያደረጉት ነዳጅ ለመቆጠብና ጩኸት ለመቀነስ ነው፤ ሆኖም ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት እንጂ በፈጣን መንገድ እምብዛም እንደማያስፈልግ የተረዳ አሠራር ነው። እዚህ ላይ የዛሬው የሜዳ ጋላቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ እየሞቀ፣ ዝግ ሲል የሚቀዘቅዝ ከሆነ ኃይለኛ ፋን መግዛቱ አይጠቅመውም፤ ጥፋቱ በራዲያተሩ ውስጥ ወይም በአየሩ መንገድ ላይ ነው። በተቃራኒው ሲቆም እየሞቀ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ ተጠርጣሪው ፋኑ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደሚገዛ ይቆጠራል።

ጭቃውስ? የምሥራቅ አፍሪካ የበልግ ዝናብ በሚወርድበት በፋሲካ ሰሞን ይካሄድ የነበረው ሳፋሪ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ጭቃው ነው። ከፊት ከሚሄደው መኪና የሚረጨው ጭቃ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል፤ በደረቁ ወቅት ደግሞ የሣር ፍሬና ነፍሳት ቦታውን ይሞላሉ። ውሃው ሙሉ ነው፣ ፓምፑ ይሠራል፣ አየሩ ግን አያልፍም። ስለዚህ ማንኛውም ማሻሻያ ከመታሰቡ በፊት ራዲያተሩ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ ክንፎቹን በማያጣምም ለስላሳ የውሃ ግፊት መታጠብ ይኖርበታል። ከፊቱ የተደረበው የኤር ኮንዲሽነሩ ኮንደንሰርም እንዲሁ።

ጆጊንደር ሲንግ በዚህ ውድድር ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። የኬንያ ሲክ፣ ከኬሪቾ የመጣ የጋራዥ ባለቤት ልጅና ራሱም መካኒክ የነበረው ይህ ሰው በ1965 በቮልቮ፣ በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር አሸንፏል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ 22 ጊዜ ተነሥቶ 19 ጊዜ ጨርሷል። አብዛኛው ተወዳዳሪ በየመንገዱ በሚቀርበት ውድድር እንዲህ ያለው ውጤት የእግር ጉልበት ብቻ ሳይሆን የጆሮና የዐይን ሥራም ነው።

በ1980ዎቹ ተርቦ ሞተር መጣ። ቶዮታ ሴሊካ ተርቦ ከ1984 እስከ 1986 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ተርቦ ለከፍታ ሀገር በረከት ነው፤ ተራ ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱን ሲያጣ ተርቦው አየሩን እየጨመቀ ብዙውን ያስመልሳል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ተራው ሞተር ከፍታ ላይ ጉልበቱ ሲቀንስ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ተርቦው ግን ሙቀቱን እንዳለ ያመርታል፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ደግሞ በአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ ላይ በብዙ መኪናዎች የተጨመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለር ከራዲያተሩ ፊት ስለሚደረደር ራዲያተሩ የሚያገኘው አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው። ትልቅ ኢንተርኩለር ለጉልበት ሲል ያስገጠመ ሰው ውሃው መሞቅ ቢጀምር ሊደነቅ አይገባውም።

ታዲያ አየሩ እንዴት ይገራል? መልሱን አስቀድመው ያገኙት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ሜሬዲት በ1935 ባወጣው ጥናት ራዲያተር በተዘጋ መተላለፊያ ውስጥ ሲቀመጥ አየሩ በጠባብ አፍ ገብቶ፣ በሚሰፋው ክፍል ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ራዲያተሩን አልፎ፣ በጠባብ መውጫ እንደገና ሲፈጥን ራዲያተሩ የሚያስከትለው የአየር መጎተት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካው ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ከሆዱ ሥር የተሸከመው መተላለፊያ በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። ለመኪና ሲመጣ ትምህርቱ ቀላል ነው፦ አየር ሰነፍ ነው፤ በራዲያተሩ ዙሪያ ቀዳዳ ካገኘ በጠባቦቹ ክንፎች መካከል አያልፍም። ከፊት መከላከያው እስከ ራዲያተሩ ጠርዝ ያለውን ክፍተት በቆርቆሮና በስፖንጅ መድፈን ከብዙ ውድ ዕቃ ይልቅ ይጠቅማል፣ ዋጋውም የአንድ ቀን የቆርቆሮ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። መውጫውም ሊታሰብለት ይገባል። አንዳንዶች የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ በመስተዋቱ በኩል ከፍ አድርገው ያስራሉ፤ ነገር ግን መኪናው ሲፈጥን በመስተዋቱ ግርጌ የአየር ግፊት ይጨምራልና አየሩ ከመውጣት ይልቅ በዚያ ይገባል። መውጫው የሚከፈተው ከኮፈኑ ፊት ለፊት፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ባለው ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም መርፌው ከወጣ፣ ያኔ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ራዲያተር ተገቢ ወጪ ይሆናል። በጣም የወፈረ ግን አየሩን ስለሚያንቅ እንደ ታሰበው አያገለግልም፤ ቦታ ካለ ከውፍረት ይልቅ ስፋት ይመረጣል። የኩላንት ነገር ደግሞ ከሚታመነው ተቃራኒ ነው። ግማሽ ለግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት መፍያውን ከፍ ቢያደርግም ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከንጹሕ ውሃ አንድ አሥረኛ ያህል ያንሳል። በረዶ በማያሰጋበት ሀገር ለሜዳ የሚሻለው የተጣራ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ነው።

የሚረሳው ዘይቱ ነው። በሜዳ ላይ የውሃው መርፌ ዝም ብሎ ሳለ ዘይቱ ከ130 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በብዙ መኪናዎች የዘይት ሙቀት መለኪያ ስለሌለ ባለቤቱ የሚያውቀው ኩስኔታው ሲያንኳኳ ነው። ከሁሉ በፊት መለኪያ፣ ቀጥሎም ቴርሞስታት ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ መግዛት ብልህነት ነው፤ የተጣመመ ቴስታታ ማስላጥና የተቃጠለ ጓርኒሲዮን መለወጥ ከእነዚህ ሁሉ ድምር ይበልጣልና።

በ2003 ለአሮጌ መኪናዎች ብቻ የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ክላሲክ ሳፋሪ ይህን ጉዳይ ወደ ተነሣንበት መለሰው። ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ በ1974ቱ ሳፋሪ በፖርሽ 911 ከጆጊንደር ሲንግ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ የፖርሽ ፋብሪካም ያን ውድድር ሳያሸንፍ ቀረ። ቫልደጎርድ በሌሎች መኪናዎች አራት ጊዜ ካሸነፈ በኋላ በ2011፣ በ68 ዓመቱ፣ በፖርሽ 911 ወደ ክላሲኩ ሳፋሪ ተመልሶ አንደኛ ወጣ። በ2015 ደግሞ የሀገሩ ልጅ ስቲግ ብሎምክቪስት በዚሁ ዓይነት መኪና ደገመው። ያ አሮጌ 911 እንደ ቮልስ ሁሉ የውሃ ራዲያተር የለውም። ሙቀቱን የሚወጡለት ከኋላ የተተከለው ማራገቢያና 10 ሊትር ያህል ዘይት ናቸው፤ ዘይቱም በረጅም ቱቦ ወደ መኪናው ፊት ሄዶ በአየር በርዶ ይመለሳል።