ዮዲት በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ፤ ስለ ድርሰት ተኣማኒነት አጭር ጥናት

በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ አካባቢ ባሉት የጨዋታ ቤቶች ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት እግር ኳስ ስለ ሆነ፣ በዚያ ስለ ድርሰት ክርክር አይነሣም። ታሪክ ያለባቸውን ጨዋታዎች በኮምፒዩተር በሚጫወቱት ተማሪዎች ዘንድ ግን አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይነሣል። ይኸውም፣ የቪዲዮ ጨዋታ የሚነግረን ታሪክ በሚገባ የተደረሰ ነውን? ሊታመንስ ይችላልን? የሚል ነው። እኛም ጥያቄውን በጥቅሉ ከመመለስ ይልቅ የአገራችንን ታሪክ የሚነካ አንድ ምሳሌ መርጠን ልንመረምር ወደድን።

ምሳሌአችን «ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2» የተባለው የጦርነትና የመንግሥት ግንባታ ጨዋታ ነው። በ2008 ዓ.ም. «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» የተባለ ተጨማሪ ክፍል ሲወጣለት ኢትዮጵያውያን ከማሊዎች፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋሎች ጋር ገቡበት። ለኢትዮጵያ የተመረጠችው ባለታሪክ ዮዲት ናት። ታሪኩ በአምስት ምዕራፍ የተከፈለ ሲሆን፣ አንዲት የአክሱም ልዕልት ባልሠራችው ወንጀል ተከስሳ እንደ ተሰደደች፣ በሶርያ ፍቅርንና ወዳጅን እንዳገኘች፣ በመጨረሻም ተመልሳ ዙፋኑን እንደ ያዘች ይተርካል።

ስለዚህ ድርሰት የሚከራከሩት ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ጸሓፊዎቹ የእኛኑ ትውፊት ስለ ተከተሉ ታሪኩ ይታመናል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለችን ሴት ባለ ጀብዱ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን መገልበጥ ነው» ሲል ይቃወማል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ሊለያዩ የሚገባቸውን ሁለት ነገሮች ቀላቅለዋል። አንድ ነገር እውነት መሆኑ በማስረጃ ይመረመራል፤ የአንድ ድርሰት መታመን ግን የሚመረመረው በምክንያት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትጓዝ ሰነድ አምጡ ያለ አንባቢ የለም። አንባቢው የሚጠይቀው ለምን እንዲህ አደረገች ብሎ ነው፤ የጠፋውን ወንድሟን ፍለጋ መሆኑን ሲያውቅም ይበቃዋል።

እንግዲህ መጀመሪያ ማስረጃውን እንመልከት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የመልክዐ ምድር ጸሓፊ ኢብን ሐውቀል፣ የሐበሻን አገር ለብዙ ዓመታት አንዲት ሴት እንደ ገዛች፣ «ሐዳኒ» የተባለውን ንጉሥ እንደ ገደለች፣ የራስዋም አገር እንደ ነበራት ይናገራል። «ሐዳኒ» የሚለው ቃል ዐፄ ከምንለው ማዕርግ ጋር የሚዛመድ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሁለተኛው ምስክር የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ነው። በፓትርያርክ ፊሎቴዎስ ዘመን (979–1003 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባ ንጉሥ ለጊዮርጊስ በላከው ደብዳቤ፣ አንዲት ንግሥት ከተሞቹን እንዳቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች፣ እርሱንም ከቦታ ወደ ቦታ እንዳሳደደችው ገልጾ፣ ጳጳስ እንዲላክለት ያማልደው ዘንድ ይለምነዋል። ንግሥቲቱ የወጣችበትን ወገን የዐረብኛው ጽሑፍ «በኑ አል ሐምውያ» ሲለው፣ ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ስሙ «ዳሞት» ተብሎ እንዲታረም ሐሳብ አቅርቧል።

በነዚህ ሁለት ምስክሮች ዘንድ ስለ ስደትም ሆነ ስለ ሶርያ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ስምዋን እንኳ አይጠሩም። ይህ ሁሉ የመጣው ከኋለኛው ትውፊት ነው። ከትውፊቶቹ በአንዱ፣ በፍቅርዋ የተያዘ ዲያቆን ከጽዮን ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ሰርቆ ይሰጣታል፤ እርስዋም ትቀጣለች፣ ትሰደዳለች፤ ዜኖቢስ የተባለ የሻም ንጉሥ ልጅ ያገባታል፤ ከእርሱም ጋር ተመልሳ አክሱምን ታጠፋለች። ጨዋታው የተከተለው ይህንኑ መሥመር መሆኑ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስለ ድርጊቱ የተናገሩት ሁሉ ምክንያት ፈልገውለታል። የተሸነፈው ንጉሥ መከራው የመጣው ቀድሞ በጳጳሱ ላይ ስለ ተፈጸመው በደል ከእግዚአብሔር የተላከ ቅጣት ነው ይላል። ትውፊቱ የተዋረደች ሴት በቀል ነው ይላል። ጨዋታው ደግሞ በሐሰት የተከሰሰች ልዕልት መብትዋን ማስመለስዋ ነው ይላል። ኢብን ሐውቀል ብቻ ምክንያት ሳይጨምር፣ የራስዋ አገር ያላት ንግሥት የጎረቤትዋን ንጉሥ ድል እንዳደረገች ይነግረናል። ወንዶች ነገሥታት አገር ሲወጉ የመንግሥታቸውን ጥቅም አስበው ነው እንላለን፤ እርስዋ ስትወጋ ግን የተሰረቀ ወርቅና የተሰበረ ልብ እንፈልጋለን። የድርሰቱ ድካም ከዚህ ይጀምራል፤ ድካሙም የባዕዳኑ ጸሓፊዎች ብቻ ሳይሆን ከእኛም የተወረሰ ነው።

ሁለተኛው ድካም ውጤቱ ከምክንያቱ በላይ መሆኑ ነው። የአንዲት ሴት ቂም ብቻውን የአክሱምን ታላቅነት አፈረሰ ብሎ ማመን ያስቸግራል። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መቅረጽ ያቆሙት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የቀይ ባሕር ንግድም ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ንግሥቲቱ የመጣችው ይህ ከሆነ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ስለ ሆነ፣ ያገኘችው የኢዛናን አክሱም አይደለም። ከጨዋታው ምዕራፎች አንዱ ርእሱን የወሰደው ከተሰበሩት ሐውልቶች ነው። ነገር ግን 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ታላቁ ሐውልት የወደቀው ገና ሲተከል ሳይሆን እንዳልቀረ የመሬት ቁፋሮ ጥናት ያመለክታል። በከተማው ምዕራብ በስምዋ የሚጠራው «የጉዲት ሐውልቶች» ሜዳም ከእርስዋ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ይህን ስንል ትውፊት ይጣል ማለታችን አይደለም። በከተማችን ምሥራቅ በየካ ተራራ ላይ ያለውን የዋሻ ሚካኤልን ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን የአካባቢው ትውፊት ለአብርሃና አጽብሓ ሲሰጠው፣ ተመራማሪዎች ግን ሥራውን አይተው ለላሊበላ ዘመን ወደሚቀርበው ጊዜ ያወርዱታል። ዘመኑ ቢለያይም ሕዝቡ ቦታውን ከክርስትናችን መጀመሪያ ጋር ማያያዙ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። እንደዚሁም የዮዲት ትውፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሆነው ነገር የሚነግረን ጥቂት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች ጥፋቱን እንዴት እንደ ተረዱት ግን ብዙ ይነግረናል። ጎበዝ ደራሲ ይህን ልዩነት ሊጠቀምበት በቻለ ነበር። አንዱን ጦርነት ንጉሡ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ካህናት እንደ ተረኩት፣ የራስዋም ወታደሮች እንዳዩት አድርጎ ቢያሳይ፣ ተጫዋቹ ማንን እንደሚያምን ለራሱ ይመርጥ ነበር። ተጫዋች ከአንባቢ የሚለየው ድርጊቱን በእጁ ስለሚፈጽም ነው፤ ስለዚህ ለምን እንደሚፈጽመው ከአንባቢ ይበልጥ ማወቅ ይገባዋል።

ነገሩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጅዋ የምትሸሽ ዶሮን «ኩኩሉ» በተባለው ጨዋታ አቅርቧል። ዶሮ ለምን እንደምትሸሽ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግምና፣ ታሪኩ አጭር ቢሆንም ይታመናል። ከዶሮዋ ወደ ንግሥቲቱ ለመድረስ ግን የጨዋታ ሠሪዎችና የታሪክ ተማሪዎች አብረው መሥራት አለባቸው። ዮዲትን ባዕዳን አበላሹብን ብሎ ማማረር ብቻውን አይበቃም፤ ባዕዳኑ የተጠቀሙት እኛ ሳንመረምር ስንደጋግመው የኖርነውን ትረካ ነውና። ምርመራው በእኛ ከተጀመረ፣ ዮዲት ከቂሟ በላይ የሆነ ሐሳብ ያላት ንግሥት ሆና በድርሰትም በጨዋታም ልትቀርብ ትችላለች።