ዝሆኔ፦ ስላልገደለ ሳይቆጠር የኖረ በሽታ

የአንድ አገር የጤና በጀት ቁጥርን ይከተላል። ወባ ስንት ሰው ገደለ፣ ኩፍኝ ስንት ሕፃን ቀጠፈ፣ ኤችአይቪ ስንት ቤት ዘጋ ተብሎ ይጠየቃል። መድኃኒቱም፣ ዕርዳታውም፣ ሥልጠናውም መልሱን እየተከተለ ይሄዳል። ታዲያ ሰውን ሳይገድል ዕድሜውን ሙሉ የሚያሰቃይ በሽታ በየትኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራል?

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ እንዲህ ያለ በሽታ አለ። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፣ ሐኪሞች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እግር ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። በየጊዜው ትኩሳትና ከባድ ሕመም እየተነሳ በሽተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ይህ በሽታ አገሪቱ ካርታ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

◾ ቆጠራው ገበያ ላይ ተጀመረ

በ1960ዎቹ የሕክምናው ዓለም ዝሆኔን የሚያውቀው ትንኝ በምታስተላልፈው ጥገኛ ትል ነበር። ያ ትል የቆላ ነው። በኢትዮጵያ ግን እግራቸው ያበጠ ሰዎች ቀዝቃዛ ደጋ ላይም በብዛት ይታዩ ነበር።

ስንት ናቸው? የሚመልስ መዝገብ አልነበረም። አብዛኛው ገጠር ጤና ጣቢያ አያውቅም፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ካርድ ያላወጣ በሽተኛ ደግሞ ወረቀት ላይ አይገኝም። ኦመን የተባሉ ተመራማሪ ሕዝቡ ራሱ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ሄዱ። በ56 ገበያዎች የገበያተኛውን እግር እያዩ ቆጠሩ። በ1969 የታተመው ውጤት ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው፣ ማለትም 2.7 በመቶው፣ ዝሆኔ እንዳለበት አሳየ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። መራመድ የተሳነውና አፍሮ ቤቱ የቀረው በሽተኛ ገበያ ስለማይወጣ ቆጠራው ውስጥ አልገባም።

◾ ጥፋተኛው አፈር

ምክንያቱን የደረሱበት በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በሽታው የሚበዛበትን ቦታ ሲያጠኑ አንድ ዓይነት መልክ አገኙ፦ ከፍታ፣ ብዙ ዝናብ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር፣ በላዩም ባዶ እግሩን የሚሄድ ሕዝብ። ከበሽተኞች ብሽሽት የተወሰደውን ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የአፈሩን ደቃቅ ማዕድናት አገኙበት። ደቃቁ አፈር በእግር ቆዳ ሰርጎ ይገባል፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፣ ያጠብባል፣ በስተመጨረሻም ይዘጋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣምራል።

ይህ ግኝት ትልቅ ዜና ነበር። ትል የለም፣ ትንኝ የለም፣ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው አይያዝም ማለት ነው። ሆኖም ዜናው ከምርምር መጽሔቶች ብዙም አልራቀም። የሚታደል እንክብል ስለሌለው የመድኃኒት ኩባንያ አልፈለገውም። ወረርሽኝ ስለማይሆን ባለሥልጣን አላስደነገጠም። የሚይዘውም ባዶ እግሩን የሚያርሰውን ድሃ ገበሬ ነው።

◾ ሚዛኑ መጣ፣ ረድፉ ግን አልነበረም

በ1993 የዓለም ባንክ የልማት ሪፖርት አዲስ የበሽታ መለኪያ ለዓለም አስተዋወቀ። ያለ ዕድሜ ሞት የቀማው ዓመትና በአካል ጉዳት የባከነው ዓመት አንድ ላይ ተደምረው የበሽታ ጫና ተባሉ። የማይገድል ነገር ግን የሚያሽመደምድ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ሚዛን ላይ ሊወጣ ቻለ። ለዝሆኔ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ሚዛኑ ግን የሚመዝነው የቀረበለትን ነው። መረጃ ያልተሰበሰበለት በሽታ ሚዛን ላይ አይወጣም። በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ውስጥ ትል የሚያመጣው ዝሆኔ የራሱ ረድፍ ሲኖረው፣ አፈር የሚያመጣው ግን ለረጅም ዓመታት ረድፍ አልነበረውም። ድሃው በሽተኛ ሁለት ጊዜ ተዘነጋ፤ መጀመሪያ ስላልሞተ፣ ቀጥሎም ስላልተመዘገበ።

◾ በወላይታ ሥቃዩ ወደ ብር ተመነዘረ

ነገሩን የቀየረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ፋሲል ተኮላና ጌይል ዴቪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ያሳተሙት ጥናት በሽታውን በጠፋ የሥራ ቀን ለካው። በወላይታ ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን ያህል እንደሚያጡ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለው ዞን ብቻ በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚባክን አሰሉ። ለአገሪቱ ሲሰላ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የሰው ሥቃይ ያልሰማ ጆሮ የገንዘብ ኪሳራ ሰማ።

ሌሎች ጥናቶች ተከተሉ። አንድ ቀይ አፈር የሚረግጡ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው በከፊል ከተፈጥሮ ተጋላጭነት የተነሳ እንደሆነ ታወቀ። የሕዝቡ «በዘር ይሄዳል» የሚለው እምነት ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም፤ ጫማ ካለ ግን ዘሩ ብቻውን አያሳምምም። በደቡብ ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አወጣ። ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ በሽታው ይተላለፋል ብለው ያምኑና ይፈሩት ነበር። ለጋብቻ የማይታጨው፣ ከማኅበር የሚገለለው በሽተኛ ጤና ጣቢያም ሲሄድ የሚጠብቀው ያው ፊት ነበር።

◾ ካርታው

በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከተዘነጉ ሕመሞች ጋር አካተተው። በ2013 የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ትኩረት ከሚሹ 8 ሐሩራማ በሽታዎች አንዱ አድርጎ በብሔራዊ ዕቅዱ አስገባው። በዚያው ዓመት አገር አቀፍ ቅኝት ተደረገ። ባለሙያዎች በ1,315 ቀበሌዎች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን አይተው፣ የትሉን ዝሆኔ ከአፈሩ ለመለየት የደም ምርመራ ተጠቀሙ። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ውጤት በሽታው በ345 ወረዳዎች አለ፤ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖረው አፈሩና አየሩ ለበሽታው በሚመች ቦታ ነው። በኋላ በተሠራ ስሌት የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተገመተ። ሩዋንዳና ካሜሩንም በኋላ የየራሳቸውን ቆጠራ አካሄዱ።

ይሁንና ካርታ እግር አያጥብም። ሕክምናው ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ የትኩሳትና የሕመም ግርሻቱን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም። ውኃ ከሩቅ የሚቀዳበት ቤት እግር በየቀኑ አይታጠብም፤ ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማ በገበያ አይገኝም፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ያደረገውን ኮንጎ ጫማ እርሻ ሲወርድ ያወልቀዋል።

ዛሬም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በጀት ሲያዘጋጁ የሚጠየቁት ስለ ሞት ቁጥር ነው። 345ቱ ወረዳዎች ግን ከ2013 ጀምሮ ታውቀዋል። ከእንግዲህ መቆጠር ያለበት ከታማሚዎቹ መካከል በዚህ ዓመት ሳሙናና ጫማ የደረሰው ስንቱ እንደሆነ ነው።