የአጣጥ ዕዳ

ከድሬዳዋ ወጣ ብዬ ቢዮ አዋሌ በሄድኩበት ቀን፣ ከአንድ የጫት ማሳ ዳር እሾሃም ቁጥቋጦ አየሁና ያስጎበኙኝ የነበሩትን ሽማግሌ ስሙን ጠየቅኳቸው። «ኮምቦልቻ» አሉኝ። በአማርኛ አጣጥ የምንለው ነው። ለአጥር ይሆናል፣ ለማገዶም አይጠላም። ሽማግሌው ከዚያ በላይ አላከበሩትም፤ ዓይናቸው ጫቱ ላይ ነበር። አይፈረድባቸውም፣ ልጅ የሚያስተምረው ጫቱ ነው።

ለካ ሁለቱ በእጽዋት ሊቃውንት መዝገብ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ኖረዋል! አንደኛው በየቀኑ በአይሱዙ ተጭኖ ገበያ ይወርዳል። የተናቀው ወገን ደግሞ አሜሪካ ገብቶ የካንሰር መድኃኒት ወልዷል።

እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከአገሩ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከዓለም ዙሪያ እጽዋት ያስለቅም ነበር። ከኢትዮጵያም አንድ የአጣጥ ዝርያ ተወሰደ። ሞሪስ ካፕቻን የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከዚያ ያጣሩትን ንጥረ ነገር በ1972 ለዓለም አስታወቁ፤ ማይታንሲን አሉት። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ጉልበቱ ግን ጉድ ነው። ሴል ለሁለት ሲከፈል የሚዘረጋቸው ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ማይታንሲን እነሱ እንዳይሠሩ ያግዳል፣ ሴሉም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ችግሩ፣ መርዙ ወዳጅና ጠላት አይለይም። በ1970ዎቹ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ጉዳቱ ስለበዛ ተተወ። ካፕቻንም ፍሬውን ሳያይ በ1976 ሞተ።

ነገሩን ያዳነው ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ዕውቀት ነው። ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ ከውጭ መልእክት ይደርሰዋል፤ መልእክቱን ገላው ላይ ያሉ ተቀባዮች ወደ ውስጥ ያሳልፋሉ። ሄር-ቱ የሚባለው አንዱ ተቀባይ ነው። ዴኒስ ስላመንና ባልደረቦቹ በ1987 እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች የዚህ ተቀባይ ዘረመል ከልክ በላይ ይበዛል፣ በሽታውም ይከፋል። ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍለት ቀኑን ሙሉ «ተባዛ! ተባዛ!» እያለ የሚያነብ ፖስተኛ በሉት። ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ይኸው ችግር አለባቸው።

ተቀባዩን ፈልጎ የሚጣበቅ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በ1998 ተፈቀደ። ቀጥሎ ያንን የተተወ መርዝ፣ ትንሽ አሻሽለው፣ በዚሁ ላይ አሰሩት። አድራሻ ተጻፈለት ማለት ነው። በ2012 በታተመው ጥናት፣ በሽታቸው የተሠራጨ ሴቶች በአዲሱ መድኃኒት አማካይ ዕድሜያቸው 30.9 ወር ሲሆን፣ ሌላውን ሕክምና የወሰዱት 25.1 ነበር። በየካቲት 2013 ካድሳይላ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው በወር 9,800 ዶላር ያህል ተባለ።

ተዘረፍን ብሎ መጮህ ቀላል ነው። ያኔ ግን ከልካይ ሕግ አልነበረም፤ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በ1992፣ የእኛ አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ2006 ነው የመጡት። በዚያ ላይ የጃፓኑ ታኬዳ ተመራማሪዎች የማይታንሲንን የቅርብ ዘመድ በ1977 ከባክቴሪያ አግኝተዋል፤ ዛሬ መነሻው በባክቴሪያ ይመረታል እንጂ ቁጥቋጦውን የሚፈልገው የለም። በሕግ የምንጠይቀው ያለ አይመስለኝም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ጅጅጋ የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ቆም አሉ፤ ከዚያ የቢልሃርዝያ ምርምር ተወለደ። ያዩት ነገር ሁሉም የሚያየውን ነበር። አጣጡን ግን ማን ቆም ብሎ አየው? አንዲት የሐረርጌ እናት በዚሁ በሽታ ብትያዝ፣ ከአጥሯ ዘመድ የተነሣው መድኃኒት በምን ገንዘብ ይደርሳታል?

ይህን ለሽማግሌው ልነግራቸው አስቤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሳቸው እሾሁን በቆንጨራ ገለል አድርገው ወደ ጫታቸው አሳለፉኝ።