ዳይናሚክ ማይክሮፎን

ዳይናሚክ ማይክሮፎን በማግኔትና በጥቅል ሽቦ አማካይነት ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ የማይክሮፎን ዓይነት ነው። ለመሥራት ባትሪም ሆነ ሌላ የኤሌክትሪክ ኃይል አይፈልግም፤ ሲወድቅ ቶሎ አይሰበርም፤ ዋጋውም ከሌሎች ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በመድረክ፣ በሬዲዮ ጣቢያ፣ በሠርግ ቤትና በአነስተኛ ስቱዲዮ በብዛት ይገኛል። እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ የምዕራብ ጎጃም ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የሰው ድምፅን፣ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአነስተኛ ገንዘብ ለመቅዳት ለሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ተመራጭ ይህ ማይክሮፎን ነው። የቅጂው ጥራት ግን ከማይክሮፎኑ ዋጋ ይልቅ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፦ በሚቀዳው ድምፅ ጉልበት፣ በክፍሉ ሁኔታና ምልክቱን በሚያጎላው መሣሪያ።

አሠራር

በማይክሮፎኑ ወንፊት ሥር ስስ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጀርባ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ተለጥፏል፤ ይህም ጥቅል በቋሚ ማግኔት መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል። የድምፅ ሞገድ ሽፋኑን ሲገፋው ጥቅሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ በማግኔት መስክ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሽቦ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ክስተት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቷል። ሞንታርቦ ውስጥ ያለው ስፒከር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ተገልብጦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደ ጥቅሉ ሲገባ ሽፋኑ ተንቀጥቅጦ ድምፅ ያወጣል።

በዚህ መንገድ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምልክት በጣም ትንሽ ነው። ለምሳሌ ሹር ኤስኤም58 የተባለው ማይክሮፎን በ94 ዴሲቤል ድምፅ የሚያመነጨው 1.85 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ሌላ የማይክሮፎን ዓይነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚበልጥ ምልክት ይሰጣል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሚክሰር ወይም ከሳውንድ ካርድ የሚላክ የ48 ቮልት ኃይል (ፋንተም ፓወር) ይፈልጋል፤ እርጥበትና መውደቅም ይበልጥ ይጎዱታል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች ሲቀዱ ማይክሮፎን አልነበረም። ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር የቀዱት ድምፅ የተነሣው በቆርቆሮ ቀንድ ነበር፤ ዘፋኙ ወደ ቀንዱ አፍ እየጮኸ ሲያዜም የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰም ላይ ይጽፋል። በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መቅዳት ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 618ኤ የተባለውን ባለ ጥቅል ሽቦ ዳይናሚክ ማይክሮፎን አወጣ፤ ሥራው የዌንትና የተራስ ነበር።

ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቁት ሁለቱ ዳይናሚክ ማይክሮፎኖች የሹር ኩባንያ ምርቶች ናቸው። ኤስኤም57 እ.ኤ.አ. በ1965፣ ኤስኤም58 ደግሞ በ1966 ወጡ። ኤስኤም የሚለው ምሕጻር የስቱዲዮ ማይክሮፎን ማለት ነው፤ ይሁንና ሁለቱም ዝናቸውን ያገኙት በመድረክ ላይ ነው። በውስጣቸው ያለው ክፍል ተቀራራቢ ሲሆን ዋናው ልዩነት ኤስኤም58 ክብ ወንፊት ያለው መሆኑ ነው። ወንፊቱ የዘፋኙን ትንፋሽ ይቀንሳል፤ ኤስኤም57 ግን ወደ መሣሪያው ይበልጥ ተጠግቶ ሊቀመጥ ይችላል።

የምዕራብ ጎጃም ሁኔታ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ ከነቀምት የሚመጣውም መንገድ ቡሬ ላይ ይገናኛል። በመንገድ ዳር ባሉ ቤቶች የጭነት መኪናና የባጃጅ ድምፅ አይቋረጥም። አብዛኞቹ ቤቶች የቆርቆሮ ክዳን ስላላቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ጊዜ ዝናብ ሲጥል ቤት ውስጥ መቅዳት አይቻልም ማለት ይቻላል። መብራትም በየጊዜው ይቋረጣል።

ዳይናሚክ ማይክሮፎን ለዚህ ሁኔታ የሚስማማባቸው ምክንያቶች አሉ። ራሱ ኃይል ስለማይፈልግ በባትሪ ከሚሠራ መቅጃ ጋር መብራት በሌለበትም ይሠራል። ምልክቱ ደካማ ስለሆነ ወደ ድምፁ ምንጭ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ግድ ይላል፤ ሲጠጋ ደግሞ የሚቀዳው ድምፅ ከአካባቢው ጫጫታ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ከሩቅ የሚመጣው የመንገድ ድምፅ ግን ባለበት ይቆያል። ነገር ግን ማንኛውም ማይክሮፎን የዝናብ ድምፅን ከማሲንቆ ድምፅ ለይቶ አይተውም፤ በክረምት የሚቀዳ ሰው ዝናብ የማይጥልበትን ሰዓት መጠበቅ አለበት።

ምርጫው ትኩረት የሚሻው አንዳንድ ቅጂ የማይደገም በመሆኑ ነው። በእድሜ የገፋ አዝማሪ፣ የበገና ደርዳሪ ወይም የዜማ መምህር ድምፅ አንድ ጊዜ በደንብ ካልተቀዳ ሌላ ዕድል ላይገኝ ይችላል። በቅጂው ውስጥ የገባ ማስተጋባት ወይም የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ አይታረምም።

የምርጫ መመዘኛዎች

አቅጣጫ፦ ለክፍል ውስጥ ቅጂ የሚመከረው ካርዲዮይድ ነው። ስሙ የልብ ቅርጽ ማለት ሲሆን ማይክሮፎኑ ከፊት ያለውን ድምፅ አጉልቶ፣ ከጀርባ የሚመጣውን አሳንሶ ይቀበላል። ስለዚህ ጀርባው ወደ ጫጫታው፣ ማለትም ወደ በር ወይም ወደ መስኮት፣ እንዲዞር ይደረጋል።

የድምፅ ስፋት፦ ኤስኤም58 ከ50 እስከ 15,000 ሄርዝ፣ ኤስኤም57 ደግሞ ከ40 እስከ 15,000 ሄርዝ ይቀበላሉ። በካርቶን ላይ ከዚህ የሰፋ ቁጥር መጻፉ ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም። ዋናው ነገር በዚያ ስፋት ውስጥ ድምፁ ምን ያህል እኩል ሆኖ እንደሚቀዳ ነው።

ማጉያ፦ ደካማ ምልክት ያለው ማይክሮፎን ጥሩ ማጉያ ይፈልጋል። ለዝግተኛ ድምፅ የሳውንድ ካርዱ ወይም የሚክሰሩ ማጉያ እስከ 60 ዴሲቤል ያህል ማጉላት ቢችል ይመረጣል። ማጉያው ደካማ ከሆነ ከድምፁ ጋር እሽታ ይሰማል። በአነስተኛ በጀት ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ርካሽ ማይክሮፎንና ደህና ሳውንድ ካርድ፣ ከውድ ማይክሮፎንና ከደካማ ሳውንድ ካርድ ይሻላል።

ማያያዣ፦ ባለ ሦስት እግር ኤክስ ኤል አር ማያያዣ ያለው ማይክሮፎን የገመድ ጫጫታን ይቀንሳል፤ ገመዱ ሲበላሽም ለብቻው ይቀየራል። ገመዱ ከራሱ ጋር የተያያዘ ርካሽ የካራኦኬ ማይክሮፎን ግን ገመዱ ሲበጠስ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል። የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሌላ ዓይነት ማይክሮፎን የተሠራ ስለሆነ ዳይናሚክ ማይክሮፎን በቀጥታ ቢሰካበት ድምፁ በጣም ዝግ ብሎ ይቀዳል ወይም ጭራሽ አይሰማም። በስልክ ለሚቀዳ ሰው ዩኤስቢ ያለው ማይክሮፎን ከኦቲጂ ገመድ ጋር ይሻላል።

ተመጣጣኝ ሞዴሎችና ዋጋ

ቤሪንገር ኤክስኤም8500 በዝቅተኛ ዋጋ የሚታወቅ ካርዲዮይድ ማይክሮፎን ነው፤ በውጭ ገበያ ዋጋው ከኤስኤም58 ሩብ ገደማ ነው። ሳምሰን ኪው2ዩ ሁለቱም ማያያዣዎች፣ ዩኤስቢና ኤክስ ኤል አር፣ ስላሉት ዛሬ ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር ጀምሮ በኋላ ወደ ሚክሰር ለመሸጋገር ያመቻል። ኤስኤም57 እና ኤስኤም58 ከእነዚህ ይወደዳሉ፤ ሆኖም ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ በሁለተኛ እጅ ገበያም ይፈለጋሉ።

ማይክሮፎኖቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የብር ዋጋቸው የምንዛሪ ተመንን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብር በላይ አድጓል። ስለሆነም የቆየ ዋጋ ይዞ ወደ ገበያ መውጣት አያዋጣም።

ፎርጅድ ምርት

ኤስኤም58 በብዛት ከሚኮረጁ ማይክሮፎኖች አንዱ ነው። ከውጭ ሲታይ ከዋናው ለመለየት ሊያስቸግር ይችላል። የዋናው ክብደት ያለ ገመድ 298 ግራም ነው፤ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቀላል። በእጅ ሲያዝ በጣም ቀላል የሆነ፣ በካርቶኑ ላይ የፊደል ስሕተት ያለው ወይም ዋጋው ከመጠን በላይ የረከሰ ማይክሮፎን ሊያጠራጥር ይገባል። ፎርጅድ መሆኑ ሁልጊዜ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የታወቀ ርካሽ ምርትን በስሙ መግዛት የውድ ምርትን ስም ከያዘ ፎርጅድ የተሻለ ነው።

ለየመሣሪያው አቀማመጥ

የዘፈን ድምፅ፦ ማይክሮፎኑ ከአፍ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከአፍ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። በጣም ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ «ፐ»፣ «ጰ» እና «በ» የመሳሰሉ ፊደላትም ሲነገሩ ትንፋሻቸው ይመታል።

ማሲንቆ፦ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው ሲሆን ድምፁ የሚወጣው በዋናነት ቆዳ ከለበሰው ሣጥን ነው። ማይክሮፎኑ ከቆዳው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወደ ቆዳው ጠርዝ ይቀናል። ደጋን በሚንቀሳቀስበት ቦታ ከተደረገ የፍትጊያው ድምፅ ይበዛል። አዝማሪው እየዘፈነ ሲጫወት አንድ ማይክሮፎን ብቻ ካለ በአፉና በሣጥኑ መካከል ይቀመጣል፤ ለድምፁ ቅድሚያ ለመስጠት ወደ አፉ ይጠጋል።

ክራር፦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 አውታር ሲሆን ማይክሮፎኑ ወደ ገበታው ይቀናል። አውታሩ የሚመታበት ቦታ ፊት ለፊት ከተደረገ የጣት ድምፅ ይጎላል።

ዋሽንት፦ የእረኞች መሣሪያ ስለሆነ በገጠሩ ይዘወተራል። ብዙ ጊዜ 4 ቀዳዳዎች አሉት። ማይክሮፎኑ በሚነፋበት ጫፍ ፊት ለፊት ከተቀመጠ የትንፋሽ ድምፅ ዜማውን ይሸፍናል፤ ከጎን፣ በጣት ቀዳዳዎቹ አካባቢ ማስቀመጥ ይሻላል። ሜዳ ላይ ሲቀዳ ነፋስን ለመከላከል የስፖንጅ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ከበሮ፦ ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ያለ ችግር ይቋቋመዋል። ማጉያው ግን ዝቅ ይደረጋል፤ ካልሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል።

በገና፦ 10 አውታሮች ያሉት፣ ድምፁ ዝግተኛና ወፍራም መሣሪያ ነው። በዐቢይ ጾም በብዛት ይደረደራል። ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ ለዳይናሚክ ማይክሮፎን የሚከብደው ይህ ነው፤ ደካማ ማጉያ ካለ እሽታው ከበገናው ንዝረት ጋር ይደባለቃል። ጥሩ ማጉያ ከሌለ፣ ወይም ኮንደንሰር ማግኘት ከተቻለ፣ ለበገና ኮንደንሰር ይመረጣል።

ክፍል ማዘጋጀት

ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ድምፅን ያስተጋባል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ ወይም በጭድ የተሞላ ጆንያ በዘፋኙ ጀርባና ጎን ሲደረግ ማስተጋባቱ ይቀንሳል። የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ከቆርቆሮ ቤት ያነሰ ያስተጋባል፤ ዝናብ ሲጥልም ጸጥታው ይሻላል። ይህ ማስተካከያ ወጪው ጥቂት ሲሆን ውጤቱ ብዙ ጊዜ ማይክሮፎን ከመቀየር ይበልጣል።

ከቅጂው በፊት ለጥቂት ደቂቃ ከፍተኛውን ድምፅ በማስጫወት ሙከራ ተደርጎ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። የተሰነጠቀ ወይም በጫጫታ የተሸፈነ ድምፅ ከተገኘ የሚቀየረው በመጀመሪያ የማይክሮፎኑ ቦታ፣ ቀጥሎ የማጉያው መጠን፣ በመጨረሻም ማይክሮፎኑ ነው።