ለማደሪያ ተሳቢ ተስማሚ የሆነ ክብደት አከፋፋይ ማያያዣ ስለ መምረጥ

በፒክአፕ ወይም በመሰል ተሽከርካሪ የሚጎተት የማደሪያ ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው በጉዞ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ይዋልላል። ሆኖም 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ በጎታቹ ጀርባ ላይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ስለሚያሳርፍ የኋላው ክፍል ዝቅ ይላል፤ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ መሪውም በሚገባ አይታዘዝም። ክብደት አከፋፋይ ማያያዣ በብረት ዘንጎቹ አማካይነት የዚህን ጫና ከፊል ወደ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው ጎማዎች ያስተላልፋል።

ማያያዣው መመረጥ ያለበት ተሳቢው ውኃ፣ ጋዝና ጓዝ እንደ ተጫነ ተመዝኖ ነው፤ በሽያጭ ወቅት የሚገለጸው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የባዶው ነውና። ማያያዣው የተሽከርካሪውን የመጎተት አቅም አይጨምርም። አንዳንድ አምራቾች መገጠሙን ስለሚከለክሉ ከግዢ በፊት የተሽከርካሪውን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል።