የካርታው ብዕር በማን እጅ ነው?

በጃንዋሪ 2010 (እ.ኤ.አ.) ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ፣ ነፍስ አድን ሠራተኞችን ከገጠሟቸው ችግሮች አንዱ የካርታ እጦት ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት የተረባረቡት በየአገሩ ኮምፒውተራቸው ፊት የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሳተላይት ፎቶ እያዩ የፖርት ኦ ፕራንስን መንገዶችና የተፈናቃይ መጠለያዎች አንድ በአንድ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ሳሉ።

ይህን ነፃ ካርታ በ2004 የጀመረው እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት ነው። ያኔ በብሪታንያ የመንግሥት የካርታ መረጃ በውድ የሚሸጥና በፈቃድ የታሰረ ነበር። የኮስት መልስ አጭር ነው፦ ሕዝቡ ራሱ ይሳለው፣ ማንም በነፃ ይጠቀምበት።

ሐሳቡ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም መሣሪያው ግን ለሁሉም አልነበረም። ጆስም የተባለው ፕሮግራም አቅሙ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ላይ መጫን ይፈልጋል፣ ጀማሪንም ያስደነግጣል። ሪቻርድ ፌርኸርስት የሠራው ፖትላች በብሮውዘር ይሠራ ነበር፤ የቆመበት ፍላሽ ግን ዘመኑ እያለፈበት ነበር።

በ2012 ናይት ፋውንዴሽን ይህን ለማሻሻል 575,000 ዶላር መደበ። የማፕቦክስ ባለሙያዎችም ፌርኸርስት የጠነሰሰውን አይዲ የተሰኘ አዲስ ኤዲተር በጃቫስክሪፕት ገነቡ። በ2013 ለሕዝብ ቀረበ። በአይዲ ተጠቃሚው የሕንፃውን ዙሪያ ይስላል፣ ከዝርዝሩ «ትምህርት ቤት» የሚለውን ይመርጣል፤ ታግ የሚባለውን የምዝገባ ኮድ ፕሮግራሙ ራሱ ይጽፍለታል። ለአዲስ ገቢ ደረጃ በደረጃ የሚያለማምድ ትምህርትም አለው።

«መሣሪያው ሲቀል ስህተቱም ይበዛል» የሚል ስጋት ይነሳል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ያልተለማመደ እጅ መንገድ ያጣምማል፣ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። ሆኖም እያንዳንዱ ለውጥ ከነታሪኩ ስለሚመዘገብ ሌላው አይቶ ያርመዋል።

ጨርሶ ያልተጻፈውን ግን ማን ያርመዋል? ባሕር ማዶ ያለ ባለሙያ ከሳተላይት የሚያየው ጣሪያ ብቻ ነው። ጣሪያው ሥር ያለው ክሊኒክ ይሁን መጋዘን፣ መንገዱስ በክረምት ያሳልፍ አያሳልፍ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። ይህ ሰው ፕሮግራመር ላይሆን ይችላል።

ቀላል መሣሪያ ቅንጦት ያልሆነውም ለዚህ ነው። ብዕሩ የሚያውቀው ሰው እጅ ካልገባ፣ ሰፈሩ የሚታወሰው አደጋ ሲደርስ ብቻ ይሆናል፤ ያውም በእንግዳ እጅ ተስሎ።